የባይራው ቢላዋ

በ፳፻፲፮ ዓ.ም.፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ፣ እሑድ ማለዳ፣ የዳሞታ ተራራ ራሱን ገና ከጉም ሳያላቅቅ፣ አቶ በድሉ ኢሳይያስ በሶዶ ገበያ አጠገብ ባለው የአያቱ ግቢ ቆሞ የታረደውን ሰንጋ ያስገፍፍ ነበር፤ ዓይኑ ግን ከሰንጋው ይልቅ በበሩ ላይ ነበረ። አዲሱ ክልል ሲመሠረት የቢሮ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ታናሽ ወንድሙ፣ ክቡር አቶ ህብረት፣ ሊመጣ ነውና።

የዚህ ቤት ነገር እንዲህ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሳልም የተባለ የየመን ነጋዴ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ ጭኖ ሶዶ ገባ፤ ሱቅ ከፈተ፤ የወላይታ ልጅም አገባ። ጎረቤቶቹ ለጊፋታ ሲጋብዙት፣ ያረዱትን ሥጋ ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድለት፣ ከበሩ ሥር ተቀምጦ በቅቤ የራሰውን የእንሰት ምግብ፣ ሙቹዋን ብቻ ይጎርስ ነበር። ልጁ ኢሳይያስ በእናቱ ቤተ ክርስቲያን አድጎ ከማዕዱ መካከል ተቀመጠ፤ በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከማዕዱ ራስ ደረሱ። አባታቸው ሲሞት በድሉ ትምህርቱን ትቶ ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆመ፤ በዚያው ሱቅ ገቢ ህብረት ተማረ፣ ተመረቀ፣ ለሹመትም በቃ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ በድሉን "የህብረት ወንድም" ይለው ጀመር፤ ይህን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ያርር ነበር።

አንድ ነገር ግን ሹመት አይነካውም፤ ባይራነት። በዚያ ቤት ባይራው፣ ማለት የበኩር ልጁ፣ ሳይመርቅና የመጀመሪያውን ሥጋ ሳይቆርጥ በጊፋታ ማንም አይቀምስም። ህብረት ለዓመታት በዓሉን በሚሠራበት አገር ስላሳለፈ በድሉ ይህን ክብር ያለ ተቀናቃኝ ይዞት ኖሯል።

"ዛሬ እንግዲህ ይህንንም ይወስድብኛል" አላት ለሚስቱ ለወይዘሮ ጥሩዬ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህ እኮ ነው! ደግሞ ባይራ የሚያደርገው ጌታ ነው እንጂ መንግሥት አይደለም።"

"መንግሥት መኪና ሰጥቶታል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መኪናውን ያያሉ።"

እንደ ፈራውም ሆነ። መኪኖቹ ሲገቡ "ዮ ዮ ጊፋታ!" እያለ ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ፤ ካሜራ የያዙትም ተከትለው ገቡ። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ደገፉ በሹመቱ ተደናግጠው ቢላዋውን በሁለት እጃቸው ለህብረት አቀረቡ፤ "ክቡርነትዎ ይመርቁን" አሉ። በድሉ ቢላዋው በፊቱ ሲያልፍ አየ። በዚያች ደቂቃ ወንድሙን ጠላው፤ እንዲዋረድና ከወንበሩ እንዲወርድ ከልቡ ተመኘ።

ህብረት ግን ከመቀመጫው ተነሣ።

"ኧረ ጋሽ ደገፉ፣ ነውር ነው! ባይራው ተቀምጦ?" ብሎ ቢላዋውን ተቀበለና በታላቁ ፊት ተንበርክኮ አቀረበለት። "ጋሼ፣ ያሳደግከኝ አንተ ነህ። መርቀን።"

ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ ካሜራዎቹ ተሽቀዳደሙ። "ምን ያለ ትሑት ሰው ነው!" አሉ ሴቶቹ፤ አቶ ደገፉም እንባቸውን ጠረጉ። በድሉ መረቀ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም፤ ሁሉም የተንበረከከውን ያይ ነበር። ቆረጠ፤ ጎረሰ። ወንድሙ ቢነጥቀው ኖሮ፣ በተበደለ ሰው ቁጣ ይጽናና ነበር፤ አሁን ያም ቀረበት።

"ደስ አለህ?" አለችው ጥሩዬ እንግዶቹ ሲሄዱ። "ክብርህን ሰጠህ እኮ።"

"አዎ፣ ሰጠኝ" አለ በድሉ። "የራሴን ሰጠኝ።"

የዚያ ቀን ፎቶግራፍ ዛሬ በህብረት ቢሮ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም "ክቡር አቶ ህብረት ኢሳይያስ ለባህል ያላቸውን አክብሮት ሲገልጹ" የሚል ተጽፎበታል። ከነጋዴው ሳልም ቤት ለታሪክ የተቀመጠው ይህ ነው። ባይራውም በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ አለ፤ ፊቱ ተቆርጦ ቀርቶ፣ ቢላዋውን የተቀበለበት እጁ ብቻ ይታያል።