ደረቅ ጀልባ ላይ የረጠበ ገመድ

እኔ እኮ ጋኔን አየሁ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «ምን ጠጥተህ ነበር?» የሚል ነው፣ ሚስቴ እንኳ ሕልሟን ለጎረቤት እንጂ ለእኔ አትነግረኝም፣ ስለዚህ ይህን ሳወራችሁ እያፈርኩ መሆኑን እወቁልኝ።

የምሠራው ሎስ አንጀለስ አጠገብ ጋርዴና ከተማ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው፣ አናጢው ጋሼ ወርቁ ናቸው፣ እኔ ረዳታቸው። በዚያ ሰሞን ለአንድ ሙዚየም የጥንት የነፍስ አድን ጀልባ አምሳያ እየሠራን ነበር፣ ሁለቱም ጫፉ ሹል፣ ጎንና ጎኑ በቡሽ የታጨቀ፣ ዙሪያውን ደግሞ ገመድ እንደ ቀለበት ቀለበት የተንጠለጠለበት።

«ይሄ ገመድ ውስጥ ለተቀመጠው አይደለም» አሉኝ ጋሼ እያሰሩት፣ «ውሃው ውስጥ ላለው ነው። ዲዛይን ያደረገው ሰውዬ አሳቢ ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት ከሐበሻው ሰፈር ከፌርፋክስ ተደወለልኝ። ቪዛ ሁለቴ የተከለከለችው የጋሼ ልጅ ሄለን ከሊቢያ የተሳፈረችበት ጀልባ ተገልብጧል፣ የተረፈ የለም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ንጋት ቤታቸው ሄደው ሊያረዷቸው ተስማሙ፣ እስከዚያ የእኔ ድርሻ ስልካቸውን ደብቄ ምንም እንዳልሰማ ሰው መሥራት ሆነ። እመኑኝ፣ እንደዚያ ቀን የረዘመ ቀን አላየሁም፣ ሚስማር አቀብላቸውና እየተመላለስኩ ፊቴን እታጠባለሁ።

«ስልኬን አየኸው?»

«ቻርጅ አድርጌዋለሁ ጋሼ።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ ገና በበሩ እየገባ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ጣሪያውን አየሁ፣ ደረቅ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ምን ዝናብ አለና! ጠብ፣ ጠብ። ከጀልባው ጎን ነው። ከገመዱ ቀለበቶች አንዷ ርሳለች፣ ሌሎቹ እንደ ወትሯቸው ተንጠልጥለው እሷ ብቻ ወደ ታች ተወጥራለች፣ ጀልባውም መቆሚያው ላይ እንዳለ ሲጥ እያለ ወደዚያ ጎን ያዘነብላል። ገመዱን ነካሁና ጣቴን ቀመስኩት፣ ጨው ነው።

ጋሼ መዶሻቸውን ጥለው ገመዱን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሰው አለ! እርዳኝ፣ ፑል አድርግ!»

«ይተዉት ጋሼ፣ ምንም የለም።»

«ክብደቷን አውቀዋለሁ፣ ተሸክሜ ነው ያሳደግኳት!»

ፈራሁ፣ ሌላ ሰበብ የለኝም። ወገባቸውን ይዤ ወደ ኋላ እየጎተትኩ ጮህኩ፣ «ሄለን ሞታለች ጋሼ! ይልቀቁ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እጃቸው ተፈታ፣ ገመዱ ላላ፣ ጀልባው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከሳምንት በኋላ በሕይወት የተገኘች አንዲት ሴት ከሆስፒታል ደወለች። ለካስ ተራፊ ነበር። እሷና ሄለን የተገለበጠውን ጀልባ ይዘው እስከ ሐሙስ ሌሊት አብረው ቆይተዋል፣ ሄለንም «አባቴ እየሳበኝ ነው» ስትል ስትል ድንገት ለቀቀች። እዚህ አሥር ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው፣ ከዚያ በላይ አላሰላሁትም፣ አላሰላውምም።

ጋሼ ከሐዘን ተነሥተው ሥራ ጀምረዋል። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ትናንት ግን መጋዛቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝና፣ «ትንሽ ብትታገሰኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

መጋዛቸውን አንሥቼ አቀበልኳቸው። ነገ ጠዋትም አብረን ሥራ እንገባለን።