ኮሽ የሚለው ብልቃጥ

ቤተሰቦቿ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «ለምን?» ማለት ስለምታበዛ ስሙ እላይዋ ላይ ቀረ። ለምን ዝናብ ከላይ ይመጣል፣ ለምን አክስቴ አላገባችም፣ ለምን እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንስቃለን? ሌላው ሰው ይህን አመል ከልጅነቱ ጋር ይጥለዋል፤ እሷ ግን መተዳደሪያዋ አደረገችው። ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል፣ በተለይም ኤች አይ ቪ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንዳይተላለፍ ምን ማድረግ እንደሚቻል የምታጠና ተመራማሪ ሆነች።

በዚያን ሰሞን የምታጠናው ቫይረሱ የሌለባቸው ሴቶች እንዳይያዙ በየቀኑ የሚውጡትን ክኒን ነበር። ፈቃደኛ ሴቶች ክሊኒኩ እየመጡ ክኒኑን በብልቃጥ ይወስዳሉ፣ ደም ይሰጣሉ፣ «ትውጫለሽ?» ሲባሉ «አዎ» ይላሉ። አንድ ቀን ተመራማሪዋ የደሙን ውጤት አይታ ዓይኗን ማመን አቃታት። ከግማሽ በሚበልጡት ሴቶች ደም ውስጥ መድኃኒቱ ሽታውም የለ!

«ዋሽተውናል» አለ የላቦራቶሪው ኃላፊ። «ምን ያስጨንቅሻል? አሰናብተን በሌሎች እንተካቸው።»

«ዋሽተዋል፣ እሺ። ግን ሰው የሚዋሸው አንድ የፈራው ነገር ሲኖር ነው። ምን ፈርተው ነው?»

«አንቺ የተማርሽው ሕዋስ ነው፤ በሰው ሆድ ያለውን ማን ያውቀዋል?»

«የጠየቀ ያውቀዋላ!»

ማንም እንደማይወቀስ ተናግራ፣ ማውራት የምትፈልግ ሴት ካለች ትምጣ ብላ አስነገረች። መጀመሪያ የመጣችው እጅጌዋ ላይ ክር የተጣበቀባት አንዲት ሳቂታ ልብስ ሰፊ ነበረች። ገና ሳትቀመጥ ባዶ ሊሆን የተቃረበ ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ነቀነቀችው። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ።

«ሰሙት ዶክተር? ጥፋቱ የዚህ ነው። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። በቫይረሱ የታመሙትም የሚይዙት ይህንኑ ብልቃጥ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ለይቶ ያውቀዋል። እቤት ደግሞ አማቴ አሉ። የእሳቸው ጆሮ ግድግዳ አይመልሰውም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ክኒኖቹን የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ደባለቅኳቸው። አማቴ ቁልፍ ሲፈልጉ አገኙና ‹ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ ደግሞ የት አገር ነው ያለው?› አሉኝ። ደንግጬ የራስ ምታት መድኃኒት ነው አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ራሳቸውን ሲያማቸው የከረሙ ናቸው።» ሳቋ አመለጣት። «አንዱን አንስተው ዋጡት! በማግሥቱ ‹እጅሽ ይባረክ፣ ነቅሎ ጣለልኝ› አሉ። ከዚያ በኋላ ‹እስቲ ከዚያች ቁልፍሽ አምጪ› ሆነ። ኧረ ሰው ልገድል ነው ብዬ ጣሳ ውስጥ የነበረውን በሙሉ መጸዳጃ ቤት ደፋሁት።»

ተመራማሪዋ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። «ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት መዋጥስ ደግ አይደለም፤ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ግን አንቺስ?»

የልብስ ሰፊዋ ሳቅ ጠፋ። «እኔማ እንዲሁ ቀረሁ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው። በሚቀጥለው ወር ይመጣል። እሱን አምነዋለሁ፤ መንገዱን ነው የማላምነው። ኮንዶም እንጠቀም ብል ‹ምን ጠርጥረሽ ነው?› ይለኛል። እንመርመር ብል ትዳሬ ይፈርሳል። ዝም ብል ደግሞ እያዝ ይሆናል። እንዴት ልሁን ዶክተር?»

ተመራማሪዋ «እስቲ ላስብበት» ብላ ሸኘቻት። ግን ነገሩ ከነከናት። አንድ ብልቃጥ እንዴት ይህን ያህል ሰው ያስፈራል? እስቲ ልየው ብላ የዚያኑ ዓይነት ብልቃጥ ቪታሚን ሞልታበት በቦርሳዋ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ ኮሽ፣ ኮሽ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ከሳሎን ሰማቻት።

«ቦርሳሽ ውስጥ ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለችና ከፍታ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ይሄ የእነዚያ የ... የበሽተኞቹ መድኃኒት አይደለም?»

«የእኔ አይደለም! የጓደኛዬ ነው!»

ቃሉ ሳታስበው ከአፏ ዱብ አለ። ቫይረሱ የትኛው ሕዋስ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ በቃሏ የምታውቅ ሴት፣ በቪታሚን ብልቃጥ የገዛ እህቷን ዋሸች! እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት። ሴቶቹ ለምን እንደዋሹ ላቦራቶሪ ውስጥ ያላገኘችው መልስ ሳሎኗ ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።

«ቆይ፣ ዋሸሁሽ። የእኔው ነው» አለችና ሁሉንም አስረዳቻት።

«ጤነኛ ሰው ምን ቆርጦት መድኃኒት ይውጣል?» አለች እህቷ።

«በርሽን የምትቆልፊው ሌባ ከገባ በኋላ ነው እንዴ? ሰውነታችን ዘበኞች አሉት፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። የዚህ ቫይረስ ጉዱ ምን መሰለሽ? የሚይዘው ዘበኞቹን ራሳቸውን ነው። እዚያው እነሱ ውስጥ ይራባል። መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ከጠበቀው ግን መራባቱ ያቅተዋል።»

«ዘበኞቹን ራሳቸውን? አይ ተንኮል!» እህቷ ወንበር ስባ ተጠጋች። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ አንቺ ቅድም እንዳየሽኝ ሰው ሲያያት ጤነኛዋም ክኒኑን ትጥለዋለች፣ የታመመችውም ትደብቀዋለች። የታመመ ሰው ቢሆንስ፣ መድኃኒቱን በግልጽ ቢውጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

እህቷ ብልቃጡን መልሳ ሰጠቻት። «ያን ፊት አሳየሁሽ አይደል? በሞትኩት! ግን ይህን ለእኔ ብቻ መንገር ምን ያደርጋል? የሰው እናት፣ የሰው አማት ጥሪና ንገሪ እንጂ።»

በተመራማሪዋ ጥያቄ ብልቃጡ ቀርቶ ክኒኑ ኮሽ በማይል ስስ ማሸጊያ መታደል ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችውና «ድምፁስ ጠፋ፤ የአማቴ ዓይን ግን እንዳለ ነው» አለች። ቀጥሎ ክሊኒኩ የቤተሰብ ውይይት አዘጋጀ። ቤተሰቧን ማምጣት የፈለገች ታመጣለች፣ ያልፈለገች ትተወዋለች። ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ አጥታ ካሰበችበት በኋላ አማቷን ይዛ መጣች።

ተመራማሪዋ ክኒኑን ከፍ አድርጋ ስታሳይ አማትየዋ ብድግ አሉ። «ይቺማ ቀዳዳ የሌላት ቁልፍ ናት!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«በገዛ ቤቴ ከእኔ ደበቅሽ?»

«ፈርቼ ነው እማዬ። ታማለች፣ ልጄን ልታስጨርስብኝ ነው ይሉኛል ብዬ።»

አማትየዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እል ነበር» አሉ። «ምን ይዋሻል፣ እል ነበር።»

የዚያኑ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ተመረመረች፤ ነፃ ነበረች። ክኒኑን እንደገና ጀመረች። በደንብ እስኪሠራ ጥቂት ሳምንታት እንደሚፈልግና ኮንዶምንም እንደማያስቀር የክሊኒኩ ነርስ ለሁለቱም አስረዳቻቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሳይንስ ክኒኑን እጃችን ድረስ ያመጣዋል። ከእጅ እስከ አፍ ያለችውን አጭር መንገድ የምንዘጋው እኛው ነን፤ በሹክሹክታችን፣ ዞር ብለን በምናየው ዓይናችን። የጎረቤታችሁ ቦርሳ ኮሽ ቢል ስለ ጤናዋ የምትጠነቀቅ ሴት አለፈች በሉ።

ሹፌሩም መጣ። የሆነውን ልብስ ሰፊዋ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ለተመራማሪዋ አጫወተቻት። ሁለቱ አስቀድመው እንደተማከሩት፣ ራት ላይ አማቷ ክኒኑን ከብርጭቆ ውኃ ጋር ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡት።

«ምነው፣ ታመመች እንዴ?» አለ ልጃቸው።

«አልታመመችም። እንዳትታመም ነው የምትውጠው። አንተም ነገ ትመረመራለህ።»

«እኔን ተጠራጥራችሁ ነው?»

«ስለምወድህ ነው። እኔም አሮጊቷ እመረመራለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።»

ሰውዬው እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ክኒኑን አንስታ ዋጠችው። ባዶውን ብርጭቆ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ክሊኒኩን ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለ በመጨረሻ።