የተካልኝ ጠባሳ

ይህን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። ጨለማ አልነበረም፤ እንቅልፍም አልነበረብኝም።

መጋቢት 1991 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ጎሮ፣ የተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት። ያኔ ከአጥራችን ማዶ የጤፍ ማሳ ነበር።

እኔ ለቁርስ እንቁላል እጠብሳለሁ። ባለቤቴ መቶ አለቃ ይትባረክ በረንዳ ላይ፣ ምስማር ላይ በሰቀለው ትንሽ መስታወት ፊቱን ይላጫል።

ከቦሌ የተነሳ የወታደር አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ምላጩን ይዞ፣ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

ጦርነቱ ዓመት ሊሞላው ነበር። የኮርስ ጓደኞቹ በሙሉ ግንባር ናቸው። እሱ ንብረት ክፍል ተመድቦ ብርድ ልብስ ያድላል።

ከጓደኞቹ አንዱ፣ መቶ አለቃ ተካልኝ፣ ቆስሎ ለሕክምና መጥቶ ስለነበር በዋዜማው ቅዳሜ ምሳ ጋብዘነው ነበር። ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ገና ያልጠቆረ ቀይ ጠባሳ አለበት።

"አንተስ?" አለው ተካልኝ እየሳቀ። "ስንት ብርድ ልብስ ማረክህ?"

ይትባረክ አልሳቀም። ጠባሳውን ያያል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን፣ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ፣ እኔን ያይበት በነበረው ዓይን...

ቀናሁ። በሰው ቁስል ቀናሁ።

"ያን ያህል ካማረህ ጠይቀው፤ ይሰጥሃል" አልኩት ሳህን እያነሳሁ።

"ትሰጠኛለህ?" አለው።

"ውሰደው ወንድሜ። ከነሕመሙ ውሰደው።"

ተጨባበጡ። ቀልድ ነበር...

እሑድ ጠዋት እንግዲህ ሻዩን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ከኋላው ቆሜ መስታወቱን አየሁ።

ከጆሮው እስከ ከንፈሩ... ቀይ መስመር።

"ቆረጠህ እንዴ?"

ዞረ። አረፋ ብቻ ነው። በጣቴ ጠረግሁት። ጉንጩ ንጹሕ ነው።

መስታወቱን መልሼ አየሁ።

መስመሩ አለ።

"አየሽው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"አይተሽዋል... አትዋሺኝ።"

ፈገግ አለ። ከተጋባን ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

በማግስቱ ግንባር ልሂድ ብሎ ማመልከቻ አስገባ።

"ተው" አልኩት። "ልጅ እንኳን ሳንወልድ..."

"ተካልኝ ሄዷል።"

"ተካልኝ፣ ተካልኝ... እኔስ?"

"አንቺማ የትም አትሄጂም።"

መስታወቱን አውርጄ አልጋ ሥር ደበቅሁት። ጠዋት ስነሳ ምስማሩ ላይ ነበር። ይትባረክ ገና አልነቃም።

መስታወቱ ውስጥ ያለው መስመር በየቀኑ እየጠቆረ ሄደ። ልክ እንደሚድን ቁስል...

ሚያዝያ ላይ ተፈቀደለትና ሄደ።

ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤቶቼ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከመካከላቸው ተካልኝ የደንብ ልብሱን ለብሶ ቆሟል።

"እድላዊት..." አለኝ። "ይትባረክ..."

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ፊቱን እያየሁ ነበር።

አከራያችን እማማ ዘርፌም ያዩታል። መጋቢት ላይ ያንን ቁስል አይተው ያለቀሱለት እሳቸው ነበሩ። ጠጋ አሉት።

"ልጄ... ያ ጠባሳህስ?"

"የቱ ጠባሳ፣ እማማ?"

ጉንጩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

አስከሬን አልመጣም። ፎቶግራፉን አስቀምጠን አለቀስን። ተካልኝን ምንም አልጠየቅሁትም፤ ውሰድ ያለው እሱ ነው፣ ጠይቀው ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ቤት በቀየርኩ ቁጥር መስታወቱን ይዤው ዞሬያለሁ። ምስማሩም አለ፤ ምላጩም አለ። ጠዋት ጠዋት ከፊቱ እቆማለሁ። የሚታየው የእኔ ፊት ብቻ ነው።

ይትባረክ የለም።