ከማይክሮስኮፑ ስር የጠራኝ

እኔ ለእንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ የምሰጥ ሰው አልነበርኩም፣ ሮም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ስሠራ ዓመታት አልፈውኛል፣ በማይክሮስኮፕ ካላየሁ አላምንም እያልኩ ጓደኞቼን የማበሽቅ ነበርኩ፣ ይቺን ግን ስሙኝ።

የነሐሴ ከሰዓት ነው፣ ግማሹ ሠራተኛ ለዓመት ዕረፍቱ ፌሪዬ ወጥቶ ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ እኔና አለቃዬ ፓኦላ ብቻ ነን። ካንሰር ይኖርበት እንደሆነ እንድናይ ከአንዲት ታማሚ ሆድ የተቀዳ ውኃ መጣልን። ማሽኑ አሽከርክሮ ያዘቀጠውን መስታወት ላይ ቀባሁ፣ ቀለም አስነካሁት፣ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ሳደርግ "እንኮዬ" የሚል የደከመ ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ፣ ዝም። መልሼ አጎነበስኩ፣ "እንኮዬ"። እመኑኝ፣ ይሄ የቤት ስሜ ነው፣ እዚህ አገር ሁሉም ሳራ ነው የሚለኝ።

የማየውም ደስ አይልም፣ ጠቆር ያለ ትልልቅ አስኳል ያላቸው ሴሎች እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘዋል። እንድታረጋግጥልኝ ፓኦላን ጠራኋት። ጥቂት አየችና ወንበሩን ገፍታ ተነሣች።

"አሎራ፣ በቃ ካንሰር ነው፣ ጻፊው" ብላኝ ወጣች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

የታማሚዋ ስም የሀበሻ መሆኑን ያስተዋልኩት ልጽፍ ስል ነው። የላቦራቶሪ ሰው ታማሚ ጋ አይሄድም፣ እኔን ግን እግሬ ወሰደኝ። እማማ ዘነበች አልጋው ላይ አንሰው ተኝተዋል፣ ልጃቸው አጠገባቸው ናት።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ?"

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። "ስጠራሽ ምነው ዝም አልሽኝ፣ እንኮዬ?"

"ይቅርታ እህቴ" አለች ልጃቸው፣ "ትኩሳት ነው፣ ሰው ያምታታባቸዋል።"

እንደምንም ብዬ "ምን ፈልገው ነው የጠሩኝ?" አልኳቸው።

"እዚያ ታች ይበርዳል፣ ልጄ" አሉኝ፣ ዓይናቸውንም መልሰው ከደኑ።

እማማ ዘነበች የሮም ብርድ ሳይገባ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ፓኦላ ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ብላ ዕቃዋን ስትሸክፍ፣ የዚያን ቀን ድምፅ ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ሰምቻለሁ" አለችኝ ሳታየኝ።

"አማርኛ አትችይም፣ ያሉትን እንዴት ለየሽው?"

"የምን አማርኛ?" አለች፣ "ጣሊያንኛ ነው የተናገረችኝ።"

እማማ ዘነበች ከማመስገኛዋ "ግራትሲዬ" ሌላ አንድም የጣሊያንኛ ቃል እንደማያውቁ ልጃቸው ነግራኛለች። ፓኦላ ግን ምን እንደተባለች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ በኮሪደሩ ስንተላለፍም ፊቷን ታዞርብኛለች።