የተበላው የበር ደፍ

ካመናችሁ እመኑ። ካላመናችሁም አልቀየማችሁም... እኔም ቦታው ላይ ባልነበር አላምንም ነበር።

ግን ግራ እጄ ላይ ያሉት ጣቶች አራት ናቸው። ድሮ አምስት ነበሩ። ይህንን ማንም ሊክደኝ አይችልም።

ሰዓቱን ልንገራችሁ። ሐሙስ፣ ለቀኑ ስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው። ሌሊት አይደለም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋይ ስጠርብና ሲሚንቶ ሳቦካ ነው የኖርኩት። የጋኔን ወሬ ሲነሳ "እስኪ አምጡትና ሲሚንቶ ያቡካልኝ" እያልኩ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

አሁን አልስቅም።

የዚያን ቀን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበርኩ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ምላሱ ፍሬን ስለሌለው፣ በሹፈት "ፍሬን" እንለዋለን። ለሥራዬ የሚሆን ሴራሚክ ጭነን እየተመለስን ነው። ሊያገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ጠዋት ስንወጣ እማዬ በር ድረስ ሸኘችን። እጄን ያዘችና፣

"እሱ ገና ልጅ ነው። አደራህን... እንደወሰድከው መልስልኝ" አለችኝ።

"ምን ይሆናል ብለሽ ነው እማዬ? ዕቃ ልንጭን እኮ ነው የምንሄደው።"

እንዲህ ብዬ ነው የወጣሁት።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጋለ። ፍሬን ኮፈኑን ከፍቶ ጭሱን በኮፍያው እያራገበ፣

"ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ካልቀዘቀዘ አልነካውም" አለኝ። "እስከዚያ ያቺን ፍርስራሽ እንያት።"

ከመንገዱ በላይ በሽቦ የታጠረ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ክርስትና ገና ለጋ በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። አንድ ቅዱስ ተቀብሮበታል ስለሚባል ያኔ ከሩቅ አገር ሰው በእግሩ እየመጣ ይሳለመው ነበር። ዛሬ ጣሪያ የለውም። አራት አምዶች፣ ግማሽ ግድግዳና ቅስቱ ያልወደቀ አንድ በር ነው የቀረው። ግድግዳው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ።

መግቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል። በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰዋል። ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ በቀኛቸው ብቻ ከቁልፉ ጋር ሲታገሉ አየሁና፣

"ልርዳዎት አባባ?" አልኳቸው።

"ተወው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ።"

ፍሬን መቼም ዝም አይልም። "አባባ፣ ቅዱሱ አሁንም እዚሁ ነው የተቀበረው?"

"ነበር።"

"ታዲያ ወዴት ሄደ? የእሱ መኪና አልጋለም ማለት ነው።"

ሽማግሌው አልሳቁም።

"ተሳላሚ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ልጄ" አሉት። "ለበረከት እያለ አንዱ አፈር ይዘግናል። ሌላው ከመግነዙ ክር ይመዛል። ቀጥሎ ፀጉር... ቀጥሎ ጥፍር... እንዲህ እንዲህ እያሉ አጥንት እንኳ አላስተረፉለትም።"

"ጨርሰው ወሰዱት?" አልኩ እኔ።

"እሱ አለቀ። እነሱ ግን መምጣታቸውን አልተዉም።"

ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

"በዓይናችሁ እዩ። የድንጋይ ገንዳው ውስጥ ግን እንዳትገቡ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላም ውጡልኝ።"

ትንሽ ራቅ እንዳልን ፍሬን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ፀሐይ መቷቸዋል" አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

በሩ ጋ ስንደርስ ግን ሳቄ ቆመ።

የበሩ ደፍ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ መሮ የማይበግረው ዓይነት። መሀሉ ጎድጉዶ ሳህን ሆኗል። ተበልቷል። ድንጋይ አውቃለሁ፤ ይህን ለመብላት ስንት ሺህ እግር እንደሚያስፈልግ መገመት አቃተኝ።

ሌላው ቦታ ሁሉ ጣት የሚያሰጥም አቧራ አለበት። ደፉ ላይ ግን... ምንም አቧራ የለም። ጎንበስ ብዬ ዳበስኩት። ከቅስቱ ጥላ ሥር ሆኖ ይሞቃል። ሰው አሁን የተነሳበት መቀመጫ እንደሚሞቀው።

"ዘበኛው ይጠርጉታል ማለት ነው" አልኩ ለራሴ።

ከዚያ አምዶቹን አየሁ። እስከ ሰው ቁመት ድረስ ጠርዛቸው ተሸራርፏል። ቀረብ ብዬ በጣቴ ነካሁት...

የጥርስ ምልክት ነው።

ለፍሬን አልነገርኩትም። ብነግረው "ፈራህ" እያለ እስከ ሰርጉ ድረስ ይሳለቅብኛል ብዬ ተውኩት።

ገንዳው ከመቅደሱ ቦታ በስተኋላ ነው። ቅዱሱ ተጋድሞበት የነበረው ገንዳ። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ማዕዘኑ ዛሬ የተጠረበ የሚመስል ሥራ ነው። ግንበኛ አይደለሁ፣ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ርዝመቱን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሜትሬን መኪናው ውስጥ ረስቼዋለሁ። የያዝኩት ከወገቤ የማትጠፋውን፣ አንድ ጎኗ ስለት የሆነ መዶሻዬን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሥራ ላይ ሜትር ስናጣ በሰው እንለካለን። ፍሬን አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ነው።

ቃሉን ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

"ተኛበት እስኪ። ልለካህ።"

"ሽማግሌው አትግቡ አላሉም?"

"ለአንድ ደቂቃ ነው።"

ጫማውን አወለቀና ገባ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነ።

"ለሙሽራዬ ንገሯት" አለ። "ሱሪው ጠቦኝ ነው የቀረሁት በሏት።"

ከአናቱ በላይ አንድ ስንዝር ተርፏል። አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት ገደማ ይሆናል እያልኩ ሳሰላ...

ወፎቹ ዝም አሉ።

ጠቅ።

የሸሚዙ ቁልፍ ተበጠሰ። አልወደቀም... ዝም ብሎ ጠፋ።

"ጋሼ፣ ልብሴን ተው" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"አልነካሁህም።"

"ተው እያልኩህ ነው።"

"አልነካሁህም አልኩህ..."

ዓይኑን ገለጠ። ሁለቱንም እጆቼን አነሳሁና አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

ከግንባሩ በላይ ያለው ፀጉር ቀጥ ብሎ ተነሳ። በራሱ ተነሳ... ተወጠረ... ከነቆዳው ተነቀለ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ወለሉን ያየሁት ያኔ ነው።

ከገንዳው ሥር፣ አቧራው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ። ሰው ሲንበረከክ ጉልበቱ የሚተወው ምልክት። ከኋላቸው ሌላ ሁለት። ከዚያ ሌላ ሁለት። ሰልፉ እስከ በሩ ደፍ ድረስ ይሄዳል። ከደፉ ውጭ የት ድረስ እንደሚዘልቅ አላየሁም።

እያየሁት ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።

ፍሬን ጮኸ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ቀስ እያለ ከሥሩ ሲገነጠል አየሁት።

ዘልዬ ብብቱን ያዝኩና ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። ሰባ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ነው፤ እኔ በየቀኑ ከዚያ የሚከብድ የምሸከም ሰው ነኝ። ንቅንቅ አላለም።

"ይታዩሃል?" አልኩት በሹክሹክታ። ለምን በሹክሹክታ እንደተናገርኩ አላውቅም።

"ተራ... ተራ እየጠበቁ ነው።"

"ማን ናቸው?"

"የፊተኛዋ አሮጊት ናት... እጄን እየሳመች ታለቅሳለች... ጋሼ፣ እማዬን ትመስላለች..."

ከዚያ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። የግራ እጁ የቀለበት ጣት ከሥሩ ተነክሶ ሄደ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ቀጥሎ የጆሮው ጫፍ። ቀጥሎ ከክንዱ ላይ ሥጋ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መጮህ እንኳ አልቻለም፤ አፉ በግድ ተከፍቶ ፊተኛው ጥርሱ ይነቃነቃል።

"አትሳበው!"

ዘበኛው ናቸው። በሩ ጋ ቆመዋል፣ ደፉን ግን አልተሻገሩም።

"ባዶ እጃቸውን አይመለሱም አላልኳችሁም? ከራስህ ስጣቸው!"

"ምን ልስጣቸው?"

ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አውራ ጣታቸው ብቻ ነው የቀረው።

አላሰብኩም። ባስብ አላደርገውም ነበር። ግራ እጄን ገንዳው ጠርዝ ላይ ዘረጋሁ። ትንሿን ጣት ከሌሎቹ ለየኋት። መዶሻዬን በስለቷ በኩል አነሳሁ።

አንዴ መታሁ። አልተቆረጠችም።

ደገምኩ።

ጣቴን አንስቼ ወደ በሩ ወረወርኳት። መሬት አልነካችም።

አቧራው ላይ ያሉት ጉልበቶች በሙሉ... ወደ በሩ ዞሩ።

ፍሬን ወዲያው ቀለለኝ። ጎትቼ አወጣሁትና ትከሻዬ ላይ ጥዬ በፈረሰው ግድግዳ በኩል ወጣሁ። መኪናዋን የነዳኋት እኔ ነኝ። እንዴት እንደነዳኋት አትጠይቁኝ።

ሐኪም ቤት "ማሽን በላን" አልናቸው። ሐኪሟ የፍሬንን ክንድ ስታጥብ ቆየችና እጇን አቆመች።

"ማሽን ጥርስ የለውም" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ይኼ የሰው ንክሻ ነው። ይኼኛውም። ግን የአንድ ሰው አይደለም።"



እማዬ በር ላይ ጠበቀችን። እሪ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። እሱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እንደወሰድከው አልመለስከውም" አለች።

 ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ተኛ ያልኩት እኔ መሆኔን ደግሞ አታውቅም። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ፍሬንም አልነገረብኝም።

ሰርጉ ተራዘመ። ፍሬን ዛሬ ምላሱ ፍሬን አበጅቷል፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ከቤቴ ጀርባ አንድ ክፍል ሠራሁለት። ሌላ የማውቀው ካሳ የለኝም። የበሩን ደፍ በገዛ እጄ ሞላሁት፣ ፌሮ አስገብቼ፣ ሲሚንቶውን ሳልሰስት። የልጅ ልጆቼ ቢረግጡት አይበገርም አልኩ።

ይህ ከሆነ አራት ወር ነው።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ሥራ ቦታ ደርሼ ሜትሬን ቤት መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ስገባ ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ዝም ብለዋል።

የፍሬን ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ልገባ እግሬን ሳነሳ እግሬ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ገባ። ወደ ታች አየሁ።

ደፉ ተበልቷል።

መሀሉ ጎድጉዷል። ፌሮው ታይቷል። ጎንበስ ብዬ ዳበስኩት... ይሞቃል።

በሩን ገፋሁት።

ፍሬን አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ግራ እጁን እማዬ ይዛዋለች። አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ ከንፈሯን እጁ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። 

"እማዬ" አልኩ በሹክሹክታ።

አልዞረችም።

አንሶላው ላይ ደም አለ። ጠዋት ስወጣ በግራ እጁ ላይ አራት ጣት ነበረው። ቆጠርኩ። ሦስት ነው።

"እማዬ... ምን እያደረግሽ ነው?"

አፏ ውስጥ ያለውን ወደ ጉንጯ አዞረችና፣ ሳታየኝ፣ በፍቅር፣ ልጅ እያለሁ እንደምታባብለኝ አድርጋ፣

"ተራህን ጠብቅ፣ ልጄ" አለችኝ።

ጉልበቴ መሬት መንካቱን ያወቅሁት የወለሉ ሲሚንቶ ሲቀዘቅዘኝ ነው።