እትዬ የቆጠረቻቸው

ከዚህ በፊት እዚህ ቻናል ላይ የጻፍኩት የጅቧ ሙሽራ ታሪክ ውሸት ነው። ገፈርሳ ግድብ ውስጥ ሆኖ በስሜ ጠራኝ ያልኳችሁም ድምፅ ውሸት ነው። ወድጄ ዋሸሁ፣ ወዳችሁ አነበባችሁ፣ ተቻቻልን።

ይኼኛው ግን ሆኗል።

ምነው ባልሆነ...

ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ፣ 2016 ዓ.ም.። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችው ቤታችን።

የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ጥሩምባ ነፍቼ፣ የሟቹን ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ አላለፈም፤ ሳንባ ግን አልተነፈግኩም።

አምና በዚሁ በታኅሣሥ፣ ተወርዋሪ ኮከብ በሚበዛበት ሌሊት፣ ሰይጣን ጆሮዬ ስር ተቀመጠ። ከጓደኛዬ ከኤልቃና ጋር ሜዳ ላይ ተጋድመን ሰማይ ስናይ አንዱ ኮከብ ተወርውሮ ጠፋ። ኮከብ ሲወድቅ ሰው ሞተ ይባል የለ? ኤልቃና፣ "ማን ይሆን የሞተው?" አለኝ። እኔም ተነስቼ ጥሩምባዬን ነፋሁና የጎረቤታችንን የኢብሮን ስም ጠራሁ።

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ድንኳን ተተከለ። ኢብሮ ራሱ ዓይኑን እያሻሸ መጥቶ፣ ማን እንደሞተ እየጠየቀ፣ አንዱን ካስማ መትቶላቸዋል።

ሆዴን ይዤ ስስቅ ያልሳቀችው ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እትዬ ደመቀች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

"አንተ..." አለችኝ። "እኔ የሞትኩ ቀን ማን ያምንሃል?"

እትዬ ሞትን አትፈራም። የምትፈራው ለቅሶዋ ላይ ሰው እንዳይጠፋ ነው። ዝናብም ይሁን ጭቃ፣ ሱሉልታም ይሁን ቡራዩ፣ የሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ግቢው ሰው ይሞላልሻል ብዬ ማልኩላት። ከዚያች ቀን ወዲህ በጥሩምባው አልቀለድኩም። አንዴም።

ዘንድሮ ኩላሊቷ አልጋ ላይ ጣላት። ሦስት ወር ሙሉ እግሯ መሬት አልረገጠም። ታኅሣሥ ሲገባ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ግቢ ወጥታ የምታያቸውን ተወርዋሪ ኮከቦች ላሳያት።

ሰማዩ ግን እምቢ አለ። ሦስት ሌሊት ደመና። ገበሬ ዝናብ እንደሚለምን እኔ ብራ እለምን ነበር።

በአራተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሩን ከፍቼ ብቅ ብል...

ብራ።

ጨረቃ የለም። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነው። ሣሩን ውርጭ ነጭ አድርጎታል።

ፍራሹን ግቢ አወጣሁ። እትዬን በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ አስተኛኋት። ቀለለችኝ... ከፍራሹ ይልቅ ቀለለችኝ።

አንዱ ተወረወረ። ሌላው ተከተለ።

"አንድ... ሁለት..." እያለች በሹክሹክታ ትቆጥር ጀመር። እንደ ልጅ ደስ ብሏት ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ውሾቹን ነው። የእኛ ሰፈር ውሻ ሌሊት ዝም ብሎ አያውቅም።

ዝም አለ።

ቀጥሎ ትንፋሼን አየሁት። ከብርዱ የተነሳ ከአፌ እንደ ጭስ ይወጣል። ከእትዬ አፍ ግን... ምንም።

ጋቢው ሸፍኖት ይሆናል አልኩ።

"አሥራ ዘጠኝ..." አለች። ቀና አልኩ። ኮከብ የለም።

"ሃያ... ሃያ አንድ..."

ሰማዩ ረጭ ብሏል። አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም።

"እትዬ፣ አንቺም መዋሸት ጀመርሽ?"

"ኮከብ አይደለም የምቆጥረው።"

"ታዲያ ምን?"

"የሚገቡትን።"

ዞሬ የግቢውን በር አየሁ። ቆርቆሮው እንደተቀረቀረ ነው።

"ማንም የለም እኮ።"

"ቀስ በል... ይሰሙሃል። ይልቅ ጠጋ በልላቸው።"

ልስቅ ፈልጌ ነበር። ሳቁ አልመጣም። ሳላስበው ጠጋ አልኩ።

ሠላሳ አራት ላይ ድምፅዋ ቆመ።

ጠበቅኩ... ቀጣዩን አልቆጠረችም።

እጇን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ስላለው ደቂቃ አትጠይቁኝ።

ጥሩምባዬን አንስቼ፣ በሩን ከውጭ ዘግቼ፣ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ነፋሁ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ አልኩ። የእህቴን ስም ስጠራ ድምፄ ተሰበረ።

አንድ መስኮት በራ። የእድሩ ሊቀመንበር የኦቦ ከድሩ ነው። አዛውንቱ መጋረጃውን ገልጠው ቁልቁል አዩኝ።

"ኦቦ ከድሩ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ... እውነቴን ነው።"

"አምና በዚሁ ሰሞን ኢብሮ፣ ዘንድሮ ደግሞ እህትህ?" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "የታመመች ሴት እንኳ አትምርም? ሂድ፣ ግባ ልጄ።"

መብራቱ ጠፋ።

ከኢብሮ ቤት ሳቅ ሰማሁ። ሚስቱን ሲቀሰቅስ፣ ነይ ስሚው፣ ዘንድሮ ለቅሶውንም ለምዶታል ሲል ሰማሁት። ኤልቃና ጋ ደወልኩ። አልሸወድልህም ባክህ ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ካስማ የመታውንም፣ ድንኳን የተሸከመውንም፣ ሁሉንም በር አንኳኳሁ። ለውሸቴ ከነሚስቱ የወጣ ሰፈር፣ ለእትዬ አንድ ሰው አላወጣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻዬን ተመለስኩ።

ዘግቼው የሄድኩት በር ወለል ብሏል።

ግቢው ሙሉ ነው።

ሰው... ከአጥር እስከ አጥር ሰው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እትዬን ከበው ተቀምጠዋል። አንድም የማውቀው ፊት የለም። የሚያለቅስ የለም። በዚያ ብርድ፣ ከአንዱም አፍ ትንፋሽ አይወጣም።

መሮጥ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ወዴት? ወደ ኦቦ ከድሩ? ወደ ኢብሮ ሳቅ?

በሩ አጠገብ ያለች አሮጊት ቀና ሳትል ጠጋ አለችልኝ።

"እግዚአብሔር ያጥናህ።"

በዚያ ሌሊት ይህን ያለኝ ሌላ ሰው የለም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ አለቀስኩ።

ቀና ስል ፀሐይ ወጥታለች።

ማንም የለም።

ሣሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው የተቀመጠበት ውርጭ አልተነካም። የሚታየው የእኔ ጫማ ዱካ ነው። ሌላም አለ... ከፍራሹ ተነስቶ ወደ በሩ የሚሄድ፣ የማይመለስ፣ የአንድ ሰው ባዶ እግር።

እትዬ ግን እንዳስተኛኋት ፍራሹ ላይ ናት።

ከግርጌዋ ጋቢውን ገለጥ አደረግኩ።

በእግር ጣቶቿ መሃል እርጥብ ሣር ተሰክቷል።