በግድግዳው ላይ የተፋቀው ስም

አንሴልም ጋራን በአዲስ ዓመት ማለዳ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ በደም ተነክረው ተገኙ። አናታቸውን የፈለጠው የምድጃ መቆስቆሻ አጠገባቸው ወድቋል። ከበላያቸው፣ በኖራ በተለሰነው ግድግዳ ላይ፣ ራሳቸው የሳሉት የዘር ሐረግ ዛፍ አለ። በዚያ የኬቤክ ገጠር ማን ከማን እንደተወለደ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከአንዱ ቅርንጫፍ ሥር አንድ ቃል በስለት ተፍቋል።

መርማሪ ፊልያስ ቱርኮት ሬሳውን ትቶ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ሬሳ የሐኪም ነው፤ ግድግዳ ግን ሳይጠየቅም ይናገራል ባይ ነው።

በቤቱ ያደሩት ሦስት ናቸው። መጀመሪያ የሟቹን የወንድም ልጅ ደሊማን ጠራ፤ ሽማግሌውን ዓመታት ያስታመመች፣ እጇ በውሃ የተሰነጣጠቀ ሴት ናት።

«እዚህ ምን ተጽፎ ነበር፣ ማዳም?»

«ቤልዩሜር። ትናንት እራት ላይ አጎቴ በከሰል ሲጽፉት ሦስታችንም አይተናል።»

«አልደነገጥሽም?»

«ስም ነው እንጂ እባብ አይደል! ሾርባዬን ጠጣሁ።»

«እርሻውንና ሽሮፕ የሚቀዳበትን የሜፕል ዛፍ ደን ለማን ሊያወርሱ ነበር?»

«ዛሬ ዘመድ ሲሰበሰብ ሊናገሩ ነበር። ለእኔ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ» አለችና ጥርሷን ነከሰች።

ወንድሟ ኦቪድ ገና በጠዋቱ ቀማምሷል።

«ትናንት ከአጎትህ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«መቼ ታርቀን እናውቃለን፣ ሞሲዬ ቱርኮት! ብገድላቸው ኖሮ ድሮ ነበር፣ ጉልበት ሳለኝ።»

«ቤልዩሜር የሚለውን ማን ፋቀው?»

ኦቪድ ሳቀ። «የትኛው ሥራ ፈት ይፍቀዋል?»

ሦስተኛው ሬይሞን ነበር። የሟቹ ታላቅ ወንድም ቴሌስፎር ድሮ አሜሪካ ጥጥ ፋብሪካ ተሰዶ እዚያው ሞቷል። ሬይሞን «የልጅ ልጁ ነኝ፣ ሬይሞን ጋራን እባላለሁ» ብሎ የመጣው በመከር ነው። ገና ሳይቀመጥ፣ «ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አላየሁም» አለ። ቱርኮት ስለ ግድግዳው ምንም አልጠየቀውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ዛፉ ሥር ሰበሰባቸው።

«ደሊማ ደክማ ባዶ እጇን ልትቀር ነበር። ኦቪድ ጥላቻውን አይደብቅም። ግን ከሁለቱ አንዱ ሬይሞንን ከዘር ሊነቅል ቢፈልግ የሚፍቀው የአያቱን ስም ነበር። ቴሌስፎር የሚለው ግን ይኸው ደህና ነው። የተፋቀው ከሥሩ የነበረው ቤልዩሜር ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ቃል የሚያስፈራው ማንን ነው? ሬይሞን፣ ሰንጢህን አምጣ።»

የሰንጢው መታጠፊያ በኖራ ዱቄት ተሞልቷል።

«ሽማግሌው ደርሰውብኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ ሬይሞን። «ወረቀቴ ቤልዩሜር ነው የሚለው፤ አባቴም ቤልዩሜር ነበር። እንዲያ ብዬ ብመጣ ማን ያስገባኛል? ዛሬ በዘመድ ፊት ‹ይህ ጋራን አይደለም› ሊሉኝ ነበር!»

ኦቪድ ስካሩ በረደለት። ደሊማ ግን ከት ብላ ሳቀች።

«የመጀመሪያው አያታችሁ ወታደር ነበር» አለ ቱርኮት። «ጓዶቹ ‹ደስተኛው› ሲሉ ቤልዩሜር አሉት። ያ የጦር ስም ከቤተሰብ ስሙ ጋር ለልጆቹ ወረደ፤ አንዱ ጋራን ሲባል ሌላው ቤልዩሜር ተባለ። የእኔም አያት ቱርኮት ተብለው አልተቀበሩም። እዚህ ያደገ ሁሉ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ቃሉን የሚፈራ ውጭ ያደገ ብቻ ነው።»

«ሊያዋርዱህ አልነበረም፣ አንተ ከንቱ» አለች ደሊማ። «ወንድማቸው መሬት ተነፍጎ ስለተሰደደ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጩ ኖረዋል። ስምህን የጻፉልህ፣ ዛሬ እርሻውን ሲሰጡህ ‹ይህ የማን ዘር ነው?› የሚል እንዳይኖር ነው። ሽንታቸውን ስጠርግ ለኖርኩት ለእኔ ምንም!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ገዳይ የገደለውን አይወርስምና እርሻው ለደሊማና ለወንድሟ ሊሆን ነው። እሷም አውቃዋለች።

«እና እኔ ማን ነኝ?» አለ ሬይሞን፣ እጁ በካቴና ሲታሰር።

ደሊማ ባልዲዋን አንስታ ደሙን ልታጥብ ተንበረከከች።

«ገመድ የሚያጠልቅልህ ሰው ስምህን ሲጠይቅህ ደስ ያለህን በለው። ሁለቱም ስምህ ነው።»